ዓሣ የምትከትፈው ጎረቤቴ

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እነግራችኋለሁ። የማውቀው፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ አሮጌው ኤርፖርት ከፓርክ ሂል ሰፈር ጎን ተነሥቶ ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ወደተሠራው አዲሱ የሄደበት ሰሞን እንደነበረ ነው። የእኛ ሁዳዴ ገና መግባቱ፣ የእስላሞቹ ረመዳን ደግሞ መውጣቱ ነበር። ሁለቱ ጾሞች በር ላይ እንደተላለፉ አስታውሳለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

በቀደም የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅ ከሊትልተን ደወለልኝ። «ጋሼ ወርቁ፣ እማ ወደ አኼራ ሄደች። ከሰው ከሚሰሙት ራሴ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለኝ። ስልኩን ያነሣሁት ተቀምጬ ነበር፤ ሳላውቀው ቆሜ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እላለሁ። ልጄ ትዕግሥት «አባዬ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ልክ እንደሷ ሆንክ እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዘሀራን አስቦ ቁጭ ማለት አይቻልም፤ እሷ ራሷ ቁጭ ስትል ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ እኛ ከላይ፣ እሷ ከታች። ቀጭን ናት፣ ረጅም። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ ስትሄድ እንደሮጠች ነው። ሥራዋ እንስሳት ማሳያው ውስጥ ነበር። ዙ ነው የምንለው። እዚያ የእንስሳቱ ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና አለ። በረዶ የሆነውን ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ታቀልጣለች፣ ሆዱ የፈረጠውን ትለያለች፣ ደህናውን እየከተፈች በባልዲ በባልዲ ትደለድላለች። እጇን በሎሚ ብታሸው፣ በምኑም ብታጥበው ሽታው አይለቃትም። አውቶቡስ ላይ ሰዉ ከአጠገቧ ይነሣል። «ይመልከቱ ጋሼ ወርቁ፣ እንደ ሚኒስትር ሁለት ወንበር ብቻዬን ያዝኩ» ትልና ትስቃለች። ግን ከሁለቱም ላይ አትቀመጥም፤ ብረቱን ይዛ ቆማ ነው የምትሄደው።

መጀመሪያ የተዋወቅን ጊዜ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

«የባሕር አንበሳ ነው የምቀልበው» አለችኝ።

«አንበሳ ዓሣ ይበላል እንዴ?»

«አንበሳ አይደለም ጋሼ። ጢም አለው፣ መቅዘፊያ የመሰለ እጅ አለው። ሲጮህ ጉንፋን የያዘው ውሻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አንበሳ አሉት?»

«ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ እንዴ?» ብላኝ ደረጃውን ወረደች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ በሶስና ነው። ሶስና ያን ጊዜ ገና መቀመጥ አልጀመረችም። አባቷ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ ሌላ ስቴት ነው ያለው። ባለቤቴ ቀደም ብላ ዐርፋብኛለች፤ ስለዚህ ቀን ቀን ሕፃኗን የምይዘው እኔ ነኝ። ትዕግሥት ኤርፖርት ትሠራለች፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በወንበር ትገፋለች። ኤርፖርቱ እዚሁ አጠገባችን በነበረ ጊዜ ችግር አልነበረብንም። ብሬኳ፣ የዕረፍት ሰዓቷ፣ ሲደርስ አንዱ የሥራ ጓደኛዋ በመኪና ያመጣታል፤ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ፣ ካፖርቷን እንኳን ሳታወልቅ አጥብታ ትመለሳለች።

ከዚያ ኤርፖርቱ ሄደ። ከጣሪያችን በላይ ሲያጓራ የኖረው አውሮፕላን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀረ። ሰፈሩ ጭር አለ። ሌላው ሰው ተገላገልን ብሎ ደስ አለው፤ እኔ ግን የሆነ ነገር ሊመጣ ነው እያልኩ ጆሮዬን እጥል ጀመር። ሶስናም በዚያ ድምፅ ተኝታ ያደገች ልጅ ናት፤ እሷም ጸጥታውን አልወደደችውም። ዋናው ግን እናቷ መምጣት አለመቻሏ ነው። አዲሱ ኤርፖርት ሩቅ ነው። በብሬክ መጥተው የሚመለሱበት አይደለም። ትዕግሥት ጡቷን እያለበች ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ አሙቄ በጡጦ እሰጣለሁ። ሶስና ደግሞ ጡጦ የሚባል ነገር አፏ እንዳይደርስ ምላለች። አፏን ትገጥማለች፣ ፊቷን ወደ ትከሻዬ ታዞራለች፣ ከዚያ ትጮሃለች። ጠዋት የጠባች ልጅ እናቷ ማታ እስክትገባ ባዶ ሆዷን ትውላለች።

ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ ሚዛን ላይ አስተኝታ መዘነቻትና ግንባሯን ቋጠረች። ክብደቷ ቀንሷል። በሳምንቱ መልሳችሁ አምጧት፣ ያን ጊዜም ካልጨመረች ሆስፒታል ትገባለች አለችን። ትዕግሥት ናት የተረጎመችልኝ። ልቤ፣ ይህች ልጅ በእጄ ላይ ልትጠፋ ነው አለኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሶስና ስትጮህ በሩ ተንኳኳ።

«ያ አላህ! ማንን እያረዳችሁ ነው?» ዘሀራ ናት፤ ከሥራ መግባቷ ነው፣ ቦት ጫማዋ እንኳን አልደረቀም። ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችኝና ክፍሉን መዞር ጀመረች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እሷ እየዞረች፣ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኳት ነው የምናወራው።

«እናቷ ከሌለች አትቀበልም ማለት ነው?»

«አዎ።»

«የኔዎቹ የባሕር አንበሶችም እንደዚሁ ናቸው። አንድ ግልገል አለን፣ ባለፈው በጋ የተወለደ። ሊንዳ የምትባለው ጠባቂያቸው እንዳወራችኝ፣ ባሕሩ ዳር በመቶ የሚቆጠሩ ግልገሎች አንድ ላይ ተኝተው እያንዳንዱ የእናቱን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። እናትየዋ ከባሕር ወጥታ ስትጣራ ከዚያ ሁሉ መሐል የራሷ ልጅ ብቻ ይመልሳል።» ድንገት ቆመች። እሷ መቆሟ ራሱ አስደነገጠኝ። «ድምፅ! ጋሼ ወርቁ፣ ካሴት የለዎትም?»

ካሴትማ ሞልቶናል። እኔ መጻፍ ስለማልደፍር አገር ቤት ላሉት ዘመዶቼ የምልከው በካሴት ነው፤ ወሬውን፣ ሰላምታውን፣ ሳሉን ሳይቀር ቀድቼ። ማታ ትዕግሥት ስትገባ ቴፑ ፊት አስቀመጥናትና «እሹሩሩ» አለችበት፣ «የኔ እናት፣ ጥቢ፣ ጥቢ» አለችበት። ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጠጋ በይ፤ ፕሬዚዳንት አይደለሽም፣ እናት ነሽ» እያለች ታርማታለች። ያን ዕለት ሦስታችንም በተስፋ ተኛን።

በማግስቱ ጡጦውን አዘጋጅቼ ቴፑን ከፈትኩ። ሶስና ጸጥ አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። «ሠራልን!» ልል አፌን ስከፍት አንገቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ወደ መስኮቱ አዞረች። ፈለገቻት። አጣቻት። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቴፑን አጠፋሁት፤ እሷ ግን አልጠፋችም። እስክትሰክን ድረስ ተሸክሜያት ዞርኩ።

ዘሀራ ማታ መጥታ ስትሰማ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «የኔ ነገር! የእናቱን ድምፅ የሰማ ግልገል እኮ አይተኛም፤ ተነሥቶ ወደ ውኃው ነው የሚሮጠው። እኛ ነን ያስሮጥናት። በሉ ያን ካሴት ደብቁት።» ደረጃውን ወርዳ እንደገና ተመለሰች። «ነገ ዙ መግቢያው ነጻ ነው። ሕፃኗን ይዘው ይምጡ። አንድ ነገር አሳይዎታለሁ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ጋቢ የለዎትም?»

ሶስናን በጋቢ ጠቅልዬ ሄድኩ። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ አስፋልቱ ዳር በረዶው ጠቁሮ ተቆልሏል። ዘሀራ ባልዲዋን ይዛ ከባሕር አንበሶቹ አጥር ወዲያ ቆማ ነበር። ያን ቀን እናትየዋን ሐኪም ሊያያት ከበሩ ኋላ ለይተው አስገብተዋታል። ግልገሉ ብቻውን ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዓይኑ ትልልቅ። እጁን ከሆዱ ሥር አጥፎ፣ አፍንጫውን ከበሩ ሥር አስጠግቶ ተኝቷል።

«ሞቷል እንዴ?» አልኳት።

«አፍዎ ይቆረጥ! ተኝቶ ነው። ዓሣ ወረወርንለት፣ አሽትቶ ተወው። እናቱን ነው የሚፈልገው።»

«ታዲያ አይጮህም?»

«ጠዋት ትንሽ ጮኸ፤ ከዚያ ተወ። ሊንዳ እንደምትለው ባሕሩ ዳር ሁሉም እንዲህ ናቸው። እናትየዋ ዓሣ ፍለጋ ስትሄድ ቀናት ትቆያለች፤ ግልገሉ ያንን ሁሉ ጊዜ አንዲት ጠብታ አይቀምስም። ከሌላ እናት ሊሰርቅ ቢጠጋ ትነክሰዋለች። ስለዚህ ይተኛል፤ ስቡን ይቆጥባል። ደክሞት አይደለም ጋሼ፣ ሥራው ነው። ጾም ነው የያዘው።»

ያኔ በሩ ተከፈተ። እናትየዋ ከወዲያ አንድ ጊዜ ጮኸች። ያ የሞተ የመሰለኝ ፍጥረት እንደ ወጠጤ ዘሎ ተነሣ። እየተንገዳገደ፣ እየመለሰላት ሄደ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ። ከዚያ እናትየዋ ምን አደረገች መሰላችሁ? ዘሀራ ባልዲውን እያንኳኳች ጠራቻት፤ ዞራ አላየችም። በጎኗ ተዘረጋች፣ ልጇም ተለጠፈባት። ቆመን ቆመን ብርዱ ሲያባርረን እንኳን ገና እየጠባ ነበር።

ዘሀራ ከአጥሩ ወዲህ ወጣችና አብራኝ እስከ በሩ ተራመደች። እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ እሷም ረመዳን ቢያልፍም ቀጥሎ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን ይዛለች። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል።

«እኔና እርስዎ እንዴት ነው ቀኑን የምንውለው?» አለችኝ።

«ልማድ ነው።»

«ልማድ አይደለም። ማታ እንደምንበላ ስለምናውቅ ነው። ይቺ ልጅ ግን ይህን ማን ነገራት? ትዕግሥት ስትገባ ምን ታደርጋላችሁ?»

ነገርኳት። ትዕግሥት ደክሟት ትገባለች፤ አንድ ጊዜ ታጠባታለች። ከዚያ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ልጄ ትረፍ ብዬ ሕፃኗን እወስድና ከኔ ጋር አስተኛታለሁ። እኔ እሷን መርዳቴ ነው።

ዘሀራ ሳቀች። የሚያሳዝን ሳቅ ነበር። «ጋሼ ወርቁ፣ ቀን አስጾመው ማታም ማፍጠሪያዋን ይነጥቋታል? ግልገሉ ያን ሁሉ ቀን የሚችለው እናቱ ስትመጣ ሌላ ሥራ ስለሌላት እኮ ነው! አትነሣም፣ አትሠራም። ትተኛለች፣ ታጠባለች፤ በቃ። ለሶስናም ማፍጠሪያ ይኑራት። ሌሊቱን የሷ ያድርጉላት።»

ማታ ለትዕግሥት ነገርናት። ወንበሩ ላይ እንደተዘረጋች፣ «እትዬ ዘሀራ፣ በአላህ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስገፋ ውዬ ሌሊት እንዳልተኛ ነው የምትፈርጂብኝ?» አለች።

«ተኚ! ማን ቁሚ አለሽ? ተኝተሽ አጥቢ። ወጡን እኔ እሠራለሁ፣ ልብሱን አባትሽ ያጥባል።»

«አባቴ ልብስ አጥቦ ያውቃል?»

«ማሽኑ ነው የሚያጥበው፤ እሳቸው ቁልፉን ይጫናሉ!»

ትዕግሥት ከሳቀች ወዲህ እምቢታዋ ላላ። በማግስቱ ነርሷ ጋ ደውላ ጠየቀቻት። ነርሷ ሞክሩት አለች፤ ቀን ቀን ወተቱን በማንኪያ አቅምሷት፣ አታስገድዷት፤ ዳይፐሯ መርጠቡን እዩ፣ ልጅቷ ከዛለችባችሁ ግን ሳምንቱን ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷት አለች።

ከዚያ ጀምሮ ዘሀራ ከሥራ ስትገባ ቤቷን አትከፍትም፤ መጀመሪያ ወደኛ ነው የምትወጣው። በፔርሙዝ አጥሚት ታመጣለች፣ በድስት ምስር ታመጣለች። ጾም ስለሆነ የእናንተ ሥጋ የእኛ ሥጋ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ትዕግሥት በሩን ስትከፍት ዘሀራ ካፖርቷን ትገፍፋታለች፣ አጥሚቱን ታስጨብጣታለች፣ ወደ መኝታ ቤት ትነዳታለች። «እጅሽን ታጠቢና ግቢ። ስልኩን ለአባትሽ።» በሩን ትዘጋለች። እኔ ቁልፍ እጫናለሁ። ሶስና ሌሊቱን ሙሉ ትጠባ፣ ትተኛ፣ ደግሞ ትጠባ ጀመር።

ቀኑ ግን የኔ ነበር። መጋረጃውን እጋርዳለሁ፤ ማንኪያ ወተት ቀምሳ ትተኛለች። ረጅም ነው የምትተኛው። እኔ ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። አፍንጫዋ ሥር ጣቴን አደርጋለሁ። ዳይፐሯን እዳብሳለሁ። ይህ እንቅልፍ ነው ወይስ መዛል? ግልገሉ ስብ አለው፤ የኔዋ ምን አላት? እላለሁ። ውጪ አንድም አውሮፕላን የለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ። ጉንጯን ነካሁ፣ እግሯን ነካሁ፤ ዓይኗን አልገለጠችም። ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ታቅፌያት በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ዘሀራ ያን ጊዜ ከሥራ እየገባች ነበር። ፊቴን አይታ ቁልፏን መሬት ላይ ጣለችው።

«ስጠኝ» አለችኝ። አንቱታው ጠፋባት። የሕፃኗን ዳይፐር ውስጡን ዳበሰች። «ርጥብ ነው።» ዓሣ የሚሸት ጣቷን የሶስና መዳፍ ውስጥ አስገባች። ትንሽ ቆየች። ትንሿ እጅ ጣቷን ጭብጥ አደረገችው፤ ከዚያ ሶስና አፍንጫዋን ሸብሽባ አስነጠሰች።

«ሽታዬ ነው የቀሰቀሳት» አለች ዘሀራ፣ እንባዋ እየወረደ። «ይኸው! ለአንድ ሰው ጠቀመ።»

ልጅቷን መልሳ ግን አልሰጠችኝም። አብራኝ ወጣች። ትዕግሥት እስክትገባ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ስትዞር ቆየች፤ እኔም ከኋላዋ። ፀሐይ ገባች። ማፍጠሪያ ሰዓቷ አለፈ። በኋላ ነው ትዝ ያላት፤ ሕፃኗን በአንድ እጇ እንደያዘች የቧንቧ ውኃ በብርጭቆ ቀድታ ጠጣች፤ ያን ቀን ያፈጠረችው በዚያ ነው። «ተቀመጪ እንጂ፣ አንድ ጉርሻ ልስጥሽ» አልኳት። «ከተቀመጥኩ አልነሣም ጋሼ፤ እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ። አንቱታዋ ተመልሶላት ነበር።

ሳምንቱ ደረሰ። ዘሀራ ከሥራዋ አስፈቅዳ አብራን መጣች። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ግን አልገባም አለች። «ሰው ሁሉ ይነሣብኛል፤ ሐኪሙም ይነሣል» ብላ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። በሩ ጥቂት ገርበብ ብሎ ስለነበር አያታለሁ፤ ከወዲህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ።

ነርሷ ሶስናን ራቁቷን አስተኛቻት። የሚዛኑን ብረት አንሸራተተች። ትንሽ መለሰችው። እንደገና ገፋችው። ትዕግሥት ክንዴን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። እኔ ብረቱን ማየት ትቼ የነርሷን ግንባር ነበር የማየው። ግንባሯ ተፈታ። ብረቱን ወደፊት፣ ደግሞ ወደፊት ገፋችውና ለትዕግሥት አንድ ነገር አለቻት። ትዕግሥት ትከሻዬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። «ጨምራለች አባዬ። ያጣችውን መልሳ ከዚያም በላይ ጨምራለች። ሆስፒታል የለም።»

ነርሷ ልጅቷን አንሥታ ሰጠችኝ። ከባድ መሰለችኝ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«በዚህ ዕድሜዎ ሕፃን ይዞ መዋል ቀላል አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ማን ነው? ነው የምትለው» አለች ትዕግሥት።

እህቴ እንዳልል እህቴ አይደለችም። ጎረቤቴ ማለት ደግሞ አነሰብኝ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ በአማርኛም ቢሆን አላገኘሁትም። በእጄ ወደ ኮሪደሩ አመለከትኩና ስሟን ብቻ ነገርኳት።

«ዘሀራ» አልኳት።